ከዘፈኑ የተቆረጠው አንጓ

«እንግዳው ግን ቆይቶ ትንፋሽ ካፋጠነ፣
ከደረቱ በታች ጎድጓዳ ከሆነ፣
እም… እምም… እምም…
እንግዳ አይደለም፣ ሌባ ነው ሩጡበት።»

ድሬሰር ኃይለኢየሱስ ከክሊኒኩ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚያንጎራጉረው ይህችን ነበር። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ቃሉ ይጠፋበታል፤ እግሩም አብሮ ይቆማል። መንገድ ዳር ቆሞ ሽቅብ ያያል፣ ስንኟ ባሕር ዛፉ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለች ይመስል። ከዚያ ራሱን ነቅንቆ ወደ አራተኛው ይዘላል። የሚያውቁት «ዶክተር ዛሬም ጠፋበት» ተባብለው ያልፋሉ። የማያውቁት ደግሞ የሰከረ ይመስላቸዋል፤ እሱ ግን በዕድሜው ጠላ እንኳ ቀምሶ አያውቅም።

ዶክተር አልነበረም። ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ክኒን በወረቀት የሚጠቀልል ድሬሰር ነበር። ዲላ ግን ነጭ ጋዋን የለበሰን ሁሉ ዶክተር ትላለች፤ እሱም ማረም ሰልችቶት ተወው። የተወለደው ከጪጩ በላይ ካለው ኮረብታ፣ እንሰት ከቡና ጋር ተቃቅፎ ከሚያድግበት ነው። ከንባብ በፊት መዝሙር ነው የለመደው። በጉርምስናው የቤተ ክርስቲያኑን መዘምራን ይመራ ነበር፤ ድምፁ ከሸለቆው ወዲያ ማዶ ይሰማል ይባልለት ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ታሸገ፤ የቀበሌው የማዳበሪያ መጋዘን ሆነ። በሩ እንጂ ጉሮሮ አይታሸግምና ኃይለኢየሱስ ቁስል ሲያጥብ ከንፈሩን ገጥሞ ያዜማል። ሕመምተኛውም ዜማውን ሲያዳምጥ አዮዲኑ ያቃጥለው እንደነበር ይረሳል።

በየዓመቱ ቡና ሲቀላ ጉንፋንም አብሮ ይበስላል። ለቃሚው፣ ፈልፋዩ፣ ጫኙ፣ በመጋዘን ጎን ለጎን ተቀምጠው ፍሬ የሚለቅሙት ሴቶች፣ ሁሉም ባንድ ጨርቅ አፍንጫቸውን የጠረጉ ይመስል በአንድ ሳምንት ይታመማሉ። ክሊኒኩ በር ላይ ሳልና ማስነጠስ ይቀባበላሉ። ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ መርፌ።

«ዶክተር፣ ውጋኝ» አለው አንድ ቀን የጪጩው ገበሬ በዛብህ፣ ገና ሳይቀመጥ ሱሪውን እየፈታ።

«ምንህን ነው የምወጋህ?»

«ጉንፋኔን ነዋ!»

«ጉንፋን አይወጋም፣ በዛብህ። ሱሪህን ልበስ።»

«ታዲያ መንግሥት መርፌውን የሰጠህ ጆንያ ልትሰፋበት ነው?»

ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። ኃይለኢየሱስም ስቆ ለመቶኛ ጊዜ አስረዳ። «ስማኝ፤ ጉንፋን ብርድ አይደለም። ከሰው ነው የሚመጣ። ያስነጠሰው ሰው በእጁ ይጠርገዋል፣ በዚያው እጁ ይጨብጥሃል፣ አንተም አፍንጫህን ትነካለህ። አለቀ፤ ገባልህ። ለሱ መርፌ የለም። ዳማ ከሴህን ጠጣ፣ ዝንጅብልህን አፍላ፣ ከማር ጋር አድርገው፤ ጉሮሮህን ያለሰልስልሃል። የሚያድንህ ግን ሰባት ቀን ነው።»

«ሰባት ቀን በነጻ የሚሰጥ እግዜር ነው፤ ታዲያ አንተ ጋ ምን ብዬ መጣሁ?» ብሎ በዛብህ ወጣ። በሳምንቱ እያነከሰ ተመለሰ። ገበያ ዳር ባልተቀቀለ መርፌ የሚወጋ ሰው አግኝቶ ታፋው እንደ ሎሚ አብጦ ነበር። «ጉንፋኑ እንኳ ለቆኛል» አለ፣ አግዳሚው ላይ በአንድ ጎኑ እየተቀመጠ። «በእግሩ ነው የሄደው፤ እግሬን ይዞ።»

ኃይለኢየሱስ መግሉን ሲያወጣ አሰበ። ለዚህ ሰው ስንት ጊዜ ነገርኩት? ንግግር በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ዘፈን ግን ከገባ መውጫውን አያውቅም።

ያን ክረምት፣ በ1976፣ ጣሪያው ላይ ዝናብ ሲንቆረቆር ሳለ ግጥሙን ገጠመ። ቤቱና የጎረቤቱ ቤት የሚጋሩት አንድ የጭቃ ግድግዳ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ሀቢባ ትኖራለች፤ ባሏ ረሻድ በኤንትሬ መኪና ቡና የሚያመላልስ፣ እሷ ደግሞ ከቤቷ ፊት ትንሽ ሱቅ ያላት። አገራቸው ጉራጌ ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው ጀሚሊያ ያኔ ገና ስድስት ወሯ ነበር። ኃይለኢየሱስ አንዱን ስንኝ አሥር ጊዜ እያገላበጠ ሲሞክር ሀቢባ ወዲያ ሆና ልጇን ታስተኛበታለች።

«ጋሽ ኃይለኢየሱስ! ያቺን የእንግዳዋን ይድገሙልኝማ፤ ዓይኗን ጨፈን እያደረገች ነው!»

«የቱን?»

«ተነሥቶ የሚሄደውን!»

እሱም ይደግማል።

«ጉንፋን እንግዳ ነው፣ ሰባት ቀን ሰንብቶ፣
መርፌ ሳያስወጋ ይሄዳል ተነሥቶ።
ትኩስ ነገር ጠጡ፣ መስኮቱን ክፈቱ፣
እጅ እየታጠቡ ልጅን አጫውቱ።»

ከዚህ ቀጥሎ ነበር ያቺ የመጨረሻዋ አንጓ። ለሷ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አጥቷል። ጉንፋን መስሎ ገብቶ ሳንባ ላይ የሚያርፈውን፣ ልጅን በሁለት ቀን የሚወስደውን ያውቀዋል፤ በእጁ ላይ አይቶታል። እንግዳና ሌባ በአንድ በር እንደሚገቡ፣ ሁለቱም መጀመሪያ «ቤቶች!» ብለው እንደሚጣሩ ያውቃል። መለያቸውን በአራት ስንኝ አሰረው፤ ባለቤቱ አልጋነሽም ሰምታ «ይቺስ ታስፈራለች» አለችው።

«እንድታስፈራ ነው» አላት።

የቀበሌው የኪነት ቡድን ኃላፊ ጓድ ደበበ የሚባል ነበር። ኃይለኢየሱስን «ጓድ ኃይሌ» ነበር የሚለው፣ ኢየሱስን ከአዳራሹ በር ውጪ አስቀርቶ። ግጥሙን አነበበና ጭኑን መታ።

«ጓድ ኃይሌ! ይህ እኮ ሕዝባዊ ነው! ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ይቀርባል። ስታዲየም ውስጥ፣ በሞንታርቦ!» እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ። «ይቺ የመጨረሻዋ ግን ትቅር።»

«እሷ እኮ ዋናዋ ናት።»

«ሌባ፣ ሩጡ፣ ጎድጓዳ… በበዓል ቀን ለቅሶ ልታስቀምጠኝ ነው? ደግሞስ ልጁ ያሳለበት ሁሉ ክሊኒክ ቢሮጥ ምን አለህ የምትሰጠው?»

«ያለንን እንሰጣለን፤ ከኛ ያለፈውን ሆስፒታል እንልካለን።»

«ያለህ ሲያልቅስ? ‹መድኃኒት የለም› የሚል ወሬ እንዲነዛ እኔው በከበሮ ላጅብልህ? ዘፈን በደስታ ነው የሚያልቅ። ‹ልጅን አጫውቱ› ሲል፣ አየህ፣ እዚች ላይ ከበሮው ይገባል፣ ልጆቹ ያጨበጭባሉ። ወይ እንዲህ ይሁን፣ ወይ ወረቀትህን ይዘህ ሂድ።»

ኃይለኢየሱስ ወረቀቱን አየ። መናገር ነበረበት፤ ወረቀቱን ይዞ መውጣት ነበረበት። ግን ስንት ዓመት ከንፈሩን ገጥሞ ያዜመ ሰው ነው። ድምፁ ማዶ ለማዶ የተሰማበትን ዘመን እንደ ሟች ወዳጅ የሚያስብ ሰው ነው። ስታዲየሙን አሰበ፤ ሺህ ሰው አንድ ላይ የሱን ግጥም ሲል ታየው።

«ሙሉው ከሚቀር ግማሹ ይዘፈን» አለ።

ደበበ አንጓዋን በእርሳስ ሰረዛት። አራት ስንኝ፣ አራት ሰረዝ።

ማታ አልጋነሽ ጠየቀችው። «ሰጠሃቸው?»

«ግማሹን።»

«ግማሽ ድልድይ ሠራሁ በለኛ» አለች።

መስከረም ሁለት ቀን ዘፈኑ ተዘፈነ። ከበሮው ደበበ ባለበት ላይ ገባ፣ ልጆቹም አጨበጨቡ። በሳምንቱ ዲላ ውስጥ ያልያዘው ሰው አልነበረም። ቡና ለቃሚ ሴቶች እየተቀባበሉ ይሉታል፤ ወደ ይርጋጨፌ የሚወርደው አውቶቡስ ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይለዋል። እውነቱን ለመናገር ዘፈኑ ሥራ ሠርቷል። የገበያ ዳሩ መርፌ ወጊ ጠፋ። በዛብህ እንኳ አፍንጫውን እየጠረገ መጥቶ «እንግዳ ይዞኛል፤ ሦስተኛ ቀኑ ነው» ብሎ ሳይወጋ ተመለሰ። ኃይለኢየሱስ ደስ አለው። ያቺ የተሰረዘችው ትዝ ስትለው «እሷንስ በቃል እነግራቸዋለሁ» ይላል። ለአንዳንዱ ነገረ፤ ለአንዳንዱ ሳይነግር ቀረ። ለሀቢባ አልነገረም። ግድግዳ ለግድግዳ ነን፣ ብሎ።

ታኅሣሥ ላይ ለክትባት ዘመቻ ወደ አሪቻ ተላከ፤ የቡና ማጠቢያው ሠራተኞች ልጆች ይከተቡ ነበር። በሦስተኛው ቀን ረሻድ ቡና ሊጭን መጣ፤ ከሩቅ አይቶት ራሱን በመኪናው መስኮት አውጥቶ ጮኸ።

«ጋሼ! ልጄን ጉንፋን ይዟታል ብለው ልከውብኛል! ሰባት ቀን ነው አይደል?»

«ሰባት ቀን ነው!» አለ ኃይለኢየሱስ፣ መርፌውን ወደ ላይ አንሥቶ እየሳቀ። ረሻድ የመኪናውን ጡሩምባ በዘፈኑ ምት ነፍቶለት፣ ቀሪውን ጭነት ሊሞላ ወደ ደቡብ ወረደ።

በማግሥቱ ቀትር ላይ ቤቱ ገባ። አራት ቀን ደረቅ ቆሎ ሲቆረጥም ነበር የሰነበተው። አልጋነሽ ቆጮና ጎመን አቀረበች፤ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። ሁለት ጊዜ እንደጎረሰ ከግድግዳው ወዲያ ሳል ሰማ። አጭር ነው፤ ደረቅ ነው፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይደርሳል። በሳሉ መካከልም እንደ ደከመ ውሻ የሚያለከልክ ትንፋሽ ነበር። ጆሮው ሰማ፤ እጁ ግን አጎረሰው። «ጉንፋኗ ነው» አለ በልቡ። ሳህኑን ጨረሰ፣ ውኃ ጠጣ፣ «ተመስገን» አለ፣ ከዚያ ሰላም ሊል ወጣ።

ሀቢባ ሱቋ በር ላይ ነበረች፤ ጀሚሊያ በጋቢ ተጠቅልላ ጭኗ ላይ።

«እንኳን ደህና መጡ ጋሼ። እንግዳ ይዞናል እኮ! አምስተኛ ቀኗ ነው፤ ሁለት ቀን ቀራት።» ከዓይኗ ሥር ድካም ነበር፤ ድምፅዋ ውስጥ ግን ኩራት፣ የቤት ሥራዋን ጨርሳ አስተማሪ የምትጠብቅ ተማሪ ኩራት። «ትኩስ ሰጠኋት፤ እጄን በሳሙና እየታጠብኩ ነው። መስኮቱንም ይኸው ከፍቼዋለሁ።»

«ጋቢውን ግለጪ።»

«ኧረ ንፋስ ይመታታል፣ ደረቷን—»

«ግለጪው፣ ሀቢባ!»

የልጅ ደረት አይከፈትም፤ የሰፈሩ ሕግ ነው፤ እሱም ስንት ዓመት በጨርቅ ላይ እያዳመጠ አክብሮት ነበር። ጋቢው ሲገለጥ ያቺ የተሰረዘች አንጓ ዓይኑ ፊት ተጻፈች። ከደረቷ በታች ያለው ሥጋ በትንፋሽ ቁጥር ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ ጉድጓዱ አውራ ጣት ያስገባል። ከንፈሯ አመድ መስሏል።

ነጥቆ ሮጠ። ማንም የማያቆመው ሩጫ ነበር። ጋዋኑ ሳይኖረው፣ በአንድ እግሩ ጫማ፣ ልጅቷን አቅፎ ዋናውን መንገድ አቋርጦ ወደ ሆስፒታሉ። ሀቢባ ነጠላዋ ወድቆ ከኋላ ትከተለዋለች። መንገድ ዳር የሚጫወቱ ሕፃናት ዶክተራቸው ሲሮጥ አይተው የሚያውቁትን አወጡለት፤ እያጨበጨቡ «ጉንፋን እንግዳ ነው!»

ሐኪሞቹ ያላቸውን ሁሉ አደረጉ። ተረኛው ሐኪም ጀሚሊያን አይቶ ወደ ኃይለኢየሱስ ዞረና «ትናንት ቢሆን» አለ። ጎሕ ሲቀድ ሳሉ ቆመ። ረሻድ ከመንገድ ተጠርቶ ደርሶ በማግሥቱ ከቀትር በፊት ቀበራት፤ የተሸከማት በአንድ ክንዱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ኃይለኢየሱስ ተቀምጦ መብላት ተወ። ቆጮውን እንደያዘ በቤቱ ውስጥ እየተንቆራጠጠ ይጎርሳል፤ ወይ በር ላይ ቆሞ። አልጋነሽ መጀመሪያ ቀለደች፤ «ቁጭ በል እንጂ፣ የሠርግ አሳላፊ ነህ?» አለችው። ቆይታ ለመነች። በኋላ እሱ በሌለበት ታለቅስ ጀመር። እሱም የዚያን ቀትር ሳህን ጉዳይ ለማንም አልነገረም። ግማሽ ሰዓት ትሆናለች፤ ከዚያም ታንሳለች። ያቺ ግማሽ ሰዓት ልጅቷን ታድናት እንደነበር የሚነግረው ሰው በምድር ላይ የለም። አታድናትም ነበር የሚለውም የለም።

ከሥራ መልስ ቤት ለቤት መዞር ጀመረ። «ልጅ ሲያስል ደረቱን ክፈቱ። ትንፋሹን ቁጠሩ። ከጎድኑ በታች ከሰመጠ፣ ጡት ካልጠባ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ አትጠብቁ።» ሰዎች በአክብሮት ይሰሙታል። «እሺ ዶክተር» ይሉታል። ጀርባውን ሲያዞር ግን የሚያንጎራጉሩት የድሮውን ነው፤ ከበሮ ያለበትን። ንግግር ይወጣል፤ ዘፈን አይወጣም። አንጓዋን በዜማዋ ሊሰጣቸው ሲሞክር ሦስተኛዋ ስንኝ የለችም። ከዚያ ሩጫ ወዲህ ጠፋች። ሌላ ሊገጥምላት ሞከረ፤ ቃላቱ እንደ ነቀዘ ባቄላ ባዶ ሆኑበት። ደበበን ወረቀቱን ጠየቀው።

«የትኛውን ወረቀት?» አለ ደበበ። «እኔ ምን አውቄልህ፤ ሲጋራ ጠቅልለንበት ይሆናል። ደግሞ ቤት ለቤት ሕዝቡን ታሸብራለህ እየተባለ ነው፤ እንደ ወንድም ልምከርህ፤ ተው።»

አልተወም። ግን ስንኟም አልመጣችም። በየመንገዱ ሲቆም ሰዎች ያዩት የነበረው ለዚህ ነበር።

የካቲት መጨረሻ፣ የበልጉ የመጀመሪያ ጠብታ የአቧራ ሽታ ባስነሣበት ቀን፣ እንደ ልማዱ እያንጎራጎረ በሀቢባ ሱቅ በኩል አለፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታ እንጂ ሌላ ቃል አልተለዋወጡም።

«…ጎድጓዳ ከሆነ፣ እምም… እምም…»

«‹ቀን አትቁጠሩለት፣ ሰባትም ይቅርበት።›»

ዞር አለ። ሀቢባ መደርደሪያዋን ትወለውላለች፤ ቀና አላለችም።

«ምን አልሽ?»

«ሦስተኛዋ እሷ ናት። ‹ቀን አትቁጠሩለት፣ ሰባትም ይቅርበት፤ እንግዳ አይደለም፣ ሌባ ነው ሩጡበት።› በግድግዳው በኩል ሲሉ ሰምቼ ይዣታለሁ።»

«ታውቂያት ነበር?»

«አውቃታለሁ።» ጨርቁን አስቀመጠች። «ስታዲየም ሲዘፈን የለችም። እኔ ምን አልኩ መሰልዎት? ዶክተሩ መርምረው ልክ ሳትሆን ስትቀር አውጥተዋት ነው አልኩ። እርስዎ ያወጡትን እኔ ማን ነኝና እይዛለሁ? በአራተኛው ቀን ጎኗ ሲሰምጥ አይቻለሁ እኮ። አይቼ ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቀራት እያልኩ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን መታ። ኃይለኢየሱስ የሱቁን መቃን ይዞ ቆመ።

«በዚያ ቀን ስመጣ» አለ ቀስ ብሎ፣ «መጀመሪያ ተቀምጬ በላሁ። ሳሏን እየሰማሁ በላሁ።»

«አውቃለሁ» አለች። «ግድግዳው ወዲያም ወዲህም ነው የሚያሰማ። የሳህኑን ድምፅ ሰምቻለሁ።»

ሀቢባ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ በሰሃን ቆጮና ጎመን ይዛለች። በኩርሲ ላይ አስቀመጠችና ሌላ ኩርሲ በእግሯ ገፋ አደረገችለት።

«የእኛ እርድ፣ የእስላም ሥጋ የለበትም፤ ለእርስዎ ይሆናል። ይቀመጡ።»

«ሀቢባ፣ እኔ—»

«ይቅር አልኩ አላልኩም። ይቀመጡ ነው ያልኩ። አልጋነሽ ‹ቆሞ መብላት ምን ይባላል› እያለች በየቀኑ ስታለቅስ እሰማለሁ፤ ለሷ ስል ነው።» «ነገ ደግሞ ሱቁ በር ላይ ሆነው ሙሉዋን ያስተምሩ። ልጆቹን እኔ እጠራልዎታለሁ። ደበበ ከመጣ እኔን ያናግር።»

ኃይለኢየሱስ ኩርሲውን አየ። ዝቅ ያለ፣ በልጅ ጥፍር የተጫረ ኩርሲ ነበር። ጉልበቱ ዘይት እንዳጣ በር እየጮኸ ታጠፈ፤ ተቀመጠ። እጁን አስታጠበችው። ጎመኑ ጨው በዝቶበት ነበር። ከግድግዳው ወዲያ አልጋነሽ ታዳምጣለች፤ ከሱቁ ውጪ ሕፃናት በዝናቡ ውስጥ እያጨበጨቡ የበዓሉን ዘፈን ይላሉ፤ እሱ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ጎረሰ።